ስለ ጀርባና ስለ ነርቭ ሕመም በተሰጠ የአካል ጉዳት መቶኛ ላይ ይግባኝ ስለ ማለት

ለቀድሞ ወታደሮችና ለቤተ ሰቦቻቸው የተዘጋጀ ትምህርት

በአሜሪካ አገር በጦር ሠራዊት ሲያገለግል የቆሰለ ወይም የታመመ ሰው ከሠራዊቱ ከተሰናበተ በኋላ ግብር የማይቈረጥበት ካሣ በየወሩ እንዲከፈለው ሕጉ ይፈቅዳል። የካሣው ልክ የሚወሰነው በማዕረጉ ከፍታ ወይም ባገለገለበት ዘመን ርዝመት አይደለም፤ ጉዳቱ በተገመተበት መቶኛ ነው። መቶኛውም ከ0 ተነሥቶ በዐሥር በዐሥር እየጨመረ እስከ 100 ይደርሳል። ከ30 በመቶ ጀምሮ ስለ ትዳር ጓደኛ፥ ስለ ልጆችና ስለሚጦሩ ወላጆች ተጨማሪ ገንዘብ ይታሰባል። ስለዚህ በ20 እና በ40 በመቶ መካከል ያለው ልዩነት የቁጥር ልዩነት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የቤት ኪራይና የልጆች ቀለብ ልዩነት ነው።

ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ወደዚያ አገር ሄደው በጦር ሠራዊቱ ያገለገሉ ሰዎች አሉ። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ዜግነት ከማግኘቱ በፊት ሊቀጠር ይችላልና፥ ካሣውን ለማግኘትም ዜጋ መሆን ግዴታ አይደለም፤ ከአሜሪካ ውጭ በመኖሩም ካሣው አይቀርበትም። ነገር ግን ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ የመንግሥት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሲደርሳቸው ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ሌሎቹም ይግባኝ ማለትን እንደ ድፍረት ይቈጥሩታል። ይግባኝ ግን ሕጉ ራሱ የከፈተው በር ነው። በዚህ በር የሚገባ ሰው የሚረታውም ሕመሙን አብዝቶ በመናገሩ ሳይሆን፥ ሳይለካ ወይም ሳይመዘገብ የቀረው ነገር ምን እንደ ሆነ ለይቶ በማሳየቱ ነው። የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር ይህ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

፩ኛ፤ ጀርባ የሚለካበት ሥርዓት

የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የአከርካሪን ጉዳት የሚገምተው ከሴፕቴምበር 26 ቀን 2003 ጀምሮ በሚሠራበት አጠቃላይ የአከርካሪ መመዘኛ ነው። መመዘኛው በአብዛኛው የሚጠይቀው፥ ሕመምተኛው ቀጥ ብሎ ቆሞ ወደ ፊት ሲያጎነብስ በስንት ዲግሪ ይቆማል የሚለውን ነው። የጤነኛ ሰው ወገብ 90 ዲግሪ ያህል ያጎነብሳል። መርማሪው ሐኪም የማዕዘን መለኪያ ይዞ ይለካል፤ ውጤቱም እንደሚከተለው ይመነዘራል።

ማጎንበሱ ከ60 ዲግሪ በላይ ሆኖ ከ85 የማያልፍ ከሆነ 10 በመቶ፤
ከ30 በላይ ሆኖ ከ60 የማያልፍ ከሆነ 20 በመቶ፤
30 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 40 በመቶ፤
የጀርባና የወገብ አከርካሪ በሙሉ በማይመች አኳኋን ደርቆ ከቀረ 50 በመቶ፤
አንገትን ጨምሮ መላው አከርካሪ እንዲሁ ደርቆ ከቀረ 100 በመቶ።

ለአንገት ብቻውን ሌላ ልክ አለ፤ ይኸውም ወደ ፊት የሚጎነበሰው 15 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 30 በመቶ ይሰጣል። እንዲሁም የጡንቻ መኮማተር የሰውየውን አካሄድ ወይም የአከርካሪውን ቅርጽ እስኪያጣምም ድረስ ከጸና፥ ዲግሪው ባይቀንስም 20 በመቶ ያስገኛል።

በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ለተጎዳበት ሰው ሌላ የመገመቻ መንገድ ተጨምሯል። ይህም ባለፉት 12 ወራት ውስጥ ሐኪም አልጋ ላይ እንዲተኛ ያዘዘባቸው ቀኖች ተደምረው የሚታዩበት ነው፤ ድምሩ 6 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 60 በመቶ ይደርሳል። ከሁለቱ መንገዶች ለሕመምተኛው የሚበልጠው ይወሰድለታል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሕመምተኛው በራሱ ፈቃድ የተኛባቸው ቀኖች የማይቈጠሩ መሆናቸው ነው። የሐኪም ትእዛዝ በጽሑፍ መገኘት አለበት።

፪ኛ፤ ዲግሪው ብቻውን የማይናገረው

ከዚህ በላይ የተመለከተው ልክ ቀላልና ግልጽ ይመስላል፤ አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረውም በዚህ ቀላል መምሰሉ ነው። የጀርባ ሕመም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። ሰውየው በምርመራው ቀን 70 ዲግሪ ያጎነብስ ይሆናል፤ በሌላው ሳምንት ግን ሕመሙ ሲቀሰቀስበት ጫማውን ማሰር ይሳነዋል። የተመረመረበት ቀን ደኅና ቀን ከሆነ፥ ደኅናው ቀን ብቻ ተጽፎ ይቀራል።

ፍርድ ቤቶች ይህን አይተው መመሪያ ሰጥተዋል። በ1995 ዴሉካ በተባለው ጉዳይ፥ መርማሪው ዲግሪውን ብቻ ለክቶ መተው እንደማይገባው፥ ሕመም፥ ድካም፥ የጉልበት ማነስና የሕመም መቀስቀስ የሚያስከትሉትን ተጨማሪ የሥራ ችሎታ መቀነስ ማመልከት እንዳለበት ተወሰነ። በ2011 ሚቸል በተባለው ጉዳይ ደግሞ ሕመም መኖሩ ብቻ እንደማይበቃ፥ ሕመሙ እንቅስቃሴን ወይም ሥራን የሚያጓድል መሆኑ መታየት እንዳለበት ተገለጠ። በ2017 ሻርፕ በተባለው ጉዳይ፥ ሕመሙ በተቀሰቀሰበት ሰዓት አልመረመርሁትምና ምንም ማለት አልችልም የሚል መርማሪ በዚህ ምክንያት ብቻ ግምቱን ሊተው እንደማይችል፥ ሕመምተኛውን ጠይቆና መዝገቡን አይቶ በዲግሪ መገመት እንደሚገባው ተፈረደ።

እነዚህ ሦስት ውሳኔዎች ለይግባኝ ባይ የሚሰጡት ጥቅም ትልቅ ነው። የምርመራውን ወረቀት አስወጥቶ ሲያነብ፥ ስለ ሕመሙ መቀስቀስ ተጠይቆ እንደ ሆነ፥ መልሱም በዲግሪ ተገምቶ እንደ ሆነ ሊያይ ይችላል። ካልተጠየቀ ወይም ካልተገመተ፥ የይግባኙ አንደኛ ምክንያት ተገኘ ማለት ነው።

፫ኛ፤ ነርቭ ለብቻው የሚገመት መሆኑ

ከአከርካሪው የሚወጣው ነርቭ ሲጨቈን ሕመሙ በወገብ ብቻ አይቀርም። በመቀመጫና በጭን ኋላ በኩል ወርዶ እስከ እግር ጣት ይደርሳል፤ ያቃጥላል፥ ያደነዝዛል፥ እግርንም ያዝላል። ብዙ ሰው ይህን የጀርባው ሕመም ቅርንጫፍ ነው ብሎ ለብቻው ሳይጠቅሰው ይቀራል። በሕጉ ግን ከአከርካሪ ጉዳት የመጣ የነርቭ ጉድለት፥ የሽንትና የሰገራ አለመቈጣጠርም ጭምር፥ ከጀርባው ተለይቶ የራሱ መቶኛ ይሰጠዋል።

ሳያቲክ የተባለው ትልቁ የእግር ነርቭ የሚገመተው እንዲህ ነው፤ ጉዳቱ ቀላል ሲሆን 10፥ መካከለኛ ሲሆን 20፥ ከመካከለኛ የጠና ሲሆን 40፥ ጡንቻው ጎልቶ እስኪመነምን የከበደ ሲሆን 60፥ ነርቩ ፈጽሞ ሽባ ከሆነ 80 በመቶ ነው። መደንዘዝና ማቃጠል ብቻ ከሆነ ቀላል ወይም ቢበዛ መካከለኛ ተብሎ ይገመታል። ከዚያ በላይ ለመድረስ የጡንቻ መድከም፥ የጅማት ምላሽ መጥፋት ወይም የጡንቻ መመንመን መመዝገብ አለበት። ስለዚህ ሐኪሙ እግሩን በመዶሻ መትቶ፥ ጣቶቹን አስገፍቶና የጭኑንና የባቱን ዙሪያ ለክቶ የጻፈው ሁሉ ዋጋ አለው። የነርቭና የጡንቻ የኤሌክትሪክ ምርመራም ነገሩን ያጸናዋል።

እዚህ ላይ ከካሣ በፊት የሚቀድም አንድ ነገር አለ። ሽንትን ወይም ሰገራን መቈጣጠር በድንገት ያቃተው፥ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ የደነዘዘው፥ ሁለት እግሩ በአንድ ጊዜ የዛለ ሰው ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። ይህ የወረቀት ጉዳይ ሳይሆን እግርን ከሽባነት የማዳን ጉዳይ ነው።

፬ኛ፤ መቶኛዎቹ የሚጣመሩበት ሒሳብ

ልዩ ልዩ መቶኛዎች ሲኖሩ እንደ ተራ ቁጥር አይደመሩም። መሥሪያ ቤቱ ጤነኛ ሰውን 100 አድርጎ ይቈጥርና፥ እያንዳንዱ ጉዳት ከቀረው ጤንነት ላይ ይቀነሳል። ሁለቱም እግሮች ወይም ሁለቱም እጆች ሲጎዱ ደግሞ የእነርሱ ጥምር ዐሥር በመቶ ይጨመርበታል።

ለምሳሌ ያህል የአንድ ሰው ጀርባ 40፥ ቀኝ እግሩ 20፥ ግራ እግሩም 20 በመቶ ተገመተ እንበል። መጀመሪያ ሁለቱ እግሮች ይጣመራሉ፤ ከ100 ላይ 20 ሲነሣ 80 ይቀራል፤ የ80 ሃያ በመቶ 16 ነውና፥ ጥምሩ 36 ይሆናል። በዚህ ላይ ዐሥር በመቶው፥ ማለትም 3.6 ሲጨመር 39.6 ስለሚሆን 40 ተብሎ ይያዛል። ከጀርባው 40 ጋር ሲጣመር 64 ይወጣል፤ ይህም ወደ ቅርቡ ዐሥር ተጠጋግቶ 60 በመቶ ይሆናል። በተራ ድምር ቢሆን 80 በሆነ ነበር። ይህን ሒሳብ የማያውቅ ሰው ያልተበደለውን ተበደልሁ ይላል፤ ወይም የተበደለውን ሳያውቅ ይቀራል።

ይህ 60 በመቶ ሌላም ጥቅም አለው። በአገልግሎት ጉዳት ምክንያት ቋሚና የሚበቃ የሥራ ገቢ ማግኘት ያልቻለ ሰው፥ አንድ ጉዳቱ 60 በመቶ ከደረሰ በ100 በመቶ ልክ እንዲከፈለው ሊጠይቅ ይችላል፤ ከአንድ ምክንያት የመነጩ ጉዳቶችም በዚህ ረገድ እንደ አንድ ይቈጠራሉ። ብዙ ጉዳት ያለበት ሰው ደግሞ አንዱ 40፥ ጥምሩም 70 በመቶ ቢሆንለት ይበቃዋል።

፭ኛ፤ የውሳኔው ደብዳቤ እንዴት እንደሚነበብ

ደብዳቤው ሲደርስ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው መቶኛውን ነው፤ ከዚያም ይደሰታል ወይም ይቈጣል። ለይግባኝ የሚጠቅመው ግን ከመቶኛው በታች ያለው ምክንያት ነው። አንባቢው እርሳስ ይዞ አራት ነገሮችን ይለይ። መጀመሪያ፥ ሕመሙ ከአገልግሎቱ ጋር የተያያዘ ነው ተብሎ ተቀባይነት አግኝቷልን? ሁለተኛ፥ የትኛው ዲግሪ ተወስዶ ነው መቶኛው የተሰጠው? ሦስተኛ፥ ስለ እግር ወይም ስለ እጅ ነርቭ አንዳች ተነግሯልን? አራተኛ፥ ያቀረባቸው ወረቀቶች ሁሉ ከታዩት ማስረጃዎች ዝርዝር ውስጥ ተጽፈዋልን?

በደብዳቤው ውስጥ ለእርሱ የሚስማሙ ሆነው የተመዘገቡት ነጥቦች የጸኑ ናቸው፤ ግልጽ ስሕተት ካልታየባቸው በቀር ኋላ የሚያየው ባለ ሥልጣን አይሽራቸውም። ስለዚህ ይግባኙ በእነርሱ ላይ ጊዜ ማጥፋት የለበትም።

ደግሞም ይግባኝንና አዲስ የጭማሪ ማመልከቻን መለየት ያስፈልጋል። ውሳኔው በተሰጠበት ጊዜ ስሕተት ከነበረ መንገዱ ይግባኝ ነው። ውሳኔው በጊዜው ትክክል ሆኖ ሕመሙ ከዚያ ወዲህ ከባሰ ግን፥ መባሱን ገልጦ ጭማሪ መጠየቅ ይገባል።

፮ኛ፤ ሦስቱ መንገዶች

በኦገስት 23 ቀን 2017 የተፈረመውና ከፌብሩዋሪ 19 ቀን 2019 ጀምሮ የሚሠራበት የይግባኝ ማሻሻያ ሕግ ሦስት መንገዶችን ከፍቷል።

አንደኛው ተጨማሪ ማስረጃ አቅርቦ እንደገና ማመልከት ነው፤ ቅጹ ቁጥር 20-0995 ነው። ማስረጃው አዲስና ለጉዳዩ የሚጠቅም መሆን አለበት። የነርቭ ምርመራ ያልነበረው ሰው አሁን ካገኘ፥ ወይም ሐኪሙ ሕመሙ ሲቀሰቀስ ወገቡ በስንት ዲግሪ እንደሚወሰን ከጻፈለት፥ የሚስማማው ይህ ነው።

ሁለተኛው በበላይ መርማሪ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ነው፤ ቅጹ ቁጥር 20-0996 ነው። በዚህ መንገድ አዲስ ማስረጃ አይቀበሉም፤ በመዝገቡ ውስጥ ባለው ላይ ስሕተት አለ ለሚል ሰው ነው። ይግባኝ ባዩ ወይም ወኪሉ በስልክ ተነጋግሮ ስሕተቱን እንዲያመለክት ሊጠይቅ ይችላል። መርማሪው፥ ለምሳሌ ሕመሙ ሲቀሰቀስ የሚሆነው ሳይገመት የቀረ መሆኑን ካየ፥ ጉድለቱ እንዲሟላ መዝገቡን ይመልሰዋል።

ሦስተኛው ጉዳዩን ለይግባኝ ሰሚው ቦርድ ዳኛ ማቅረብ ነው፤ ቅጹ ቁጥር 10182 ነው። በዚያም መዝገቡ እንዳለ እንዲታይ፥ ወይም በ90 ቀን ውስጥ ማስረጃ ተጨምሮ እንዲታይ፥ ወይም ዳኛው ፊት በቃል ለመናገር መምረጥ ይቻላል።

ለሦስቱም የጊዜው ገደብ አንድ ነው፤ በውሳኔው ደብዳቤ ላይ ከተጻፈው ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ነው። በዓመቱ ውስጥ ይግባኙን ያስገባና ውሳኔ በተሰጠ ቍጥር ሳያቋርጥ የተከተለ ሰው፥ ሲረታ ካሣው ከመጀመሪያው ማመልከቻው ተነሥቶ ሊታሰብለት ይችላል። ዓመቱን ያሳለፈ ሰው አዲስ ማስረጃ ይዞ ማመልከት ቢችልም፥ በአብዛኛው ካሣው የሚነሣው ከአዲሱ ማመልከቻ ቀን ነው። ያለፈው ዘመን ገንዘብ በእንዲህ ያለ መዘግየት ይጠፋል።

ቦርዱ ካልተቀበለው በ120 ቀን ውስጥ ወደ ቀድሞ ወታደሮች የይግባኝ ፍርድ ቤት ይኬዳል። ይህ ፍርድ ቤት በ1988 በወጣ ሕግ የተቋቋመ ነው፤ ከዚያ በፊት የካሣ ውሳኔን ለመደበኛ ዳኛ ማቅረብ አይቻልም ነበር። ሕጉ ማስረጃው በሁለቱም ወገን ሲመዛዘን ጥርጣሬው ለወታደሩ ይጠቀም ይላል። ነገር ግን በ2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቡፍኪን ጉዳይ እንደ ወሰነው፥ የይግባኙ ፍርድ ቤት የማስረጃውን ሚዛን የሚነካው ግልጽ ስሕተት ሲያይ ብቻ ነው። እንግዲህ ማስረጃውን አሟልቶ ማቅረብ የሚገባው ወደ ፍርድ ቤት ከመድረስ በፊት በታችኛው ደረጃ ነው።

፯ኛ፤ ስለ ማስረጃና ስለ ምርመራው ቀን

በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው ብሂል ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል። ሕመምተኛው ሕመሙ የተቀሰቀሰበትን ቀን፥ ስንት ሰዓት ወይም ስንት ቀን እንደ ቈየ፥ በዚያን ጊዜ ምን መሥራት እንዳቃተው በደብተር ይጻፍ። የትዳር ጓደኛ፥ የሥራ ባልደረባና ጎረቤት ያዩትን በጽሑፍ መመስከር ይችላሉ፤ ይኸውም ካልሲ የሚያለብሰው ማን እንደ ሆነ፥ ከወንበር ሲነሣ ምን እንደሚይዝ፥ ከሥራ ስንት ቀን እንደ ቀረ ነው። የበሽታውን ስም መስጠት ግን የሐኪም ፈንታ ነው።

በአገራችን ልማድ ሰው ሕመሙን ዋጥ ማድረጉ ይመሰገናል፤ ሐኪም እንዴት ነህ ቢለው እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ ይመልሳል። ይህ መልካም ጠባይ በምርመራው ክፍል ውስጥ ይጎዳዋል፤ ደኅና ነኝ አለ ተብሎ ይጻፋልና። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደ ተባለ፥ የባሰበትን ቀን ከደኅናው ቀን ጋር አስተካክሎ ይንገር፤ ሲያጎነብስም ሕመሙ ከሚጀምርበት ቦታ ሲደርስ ለመርማሪው ይናገር። ማጋነንም እንደ መደበቅ ያህል ይጎዳል። በምርመራው ላይ ማጎንበስ ተስኖት ወዲያው ከመሬት ዕቃ ሲያነሣ የታየ ሰው፥ እውነተኛው ሕመሙም ሳይታመን ይቀራል።

፰ኛ፤ ስለ ረዳትና ስለ ጥንቃቄ

ይግባኝ ባይ ብቻውን መቆም የለበትም። በ1919 የተመሠረተው አሜሪካን ሌጅንና በ1920 የተመሠረተው ዲሴብልድ አሜሪካን ቬተራንስ የተባሉት ማኅበሮች ፈቃድ ያላቸው ወኪሎች አሏቸው፤ ዋጋም አይጠይቁም። ፈቃድ ያለው ጠበቃ ገንዘብ መቀበል የሚችለው የመጀመሪያው ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ ነው፤ ካለፈው ዘመን ውዝፍ ካሣ እስከ 20 በመቶ የሆነ ዋጋ ተገቢ እንደ ሆነ ይገመታል። ለመጀመሪያው ማመልከቻ ገንዘብ የሚጠይቅ፥ ወይም ከሚመጣው ወርኃዊ ካሣ ድርሻ ልያዝ የሚል ሰው ቢመጣ ከእርሱ መራቅ ነው።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን ደግሞ፥ አዲስ ምርመራ መሻሻልን ካሳየ መቶኛው ሊቀነስ እንደሚችል ማወቅ ይገባል። 5 ዓመት የቈየ መቶኛ ለመቀነስ መሻሻሉ ጸንቶ የሚኖር መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ 20 ዓመት የቈየ ግን ማታለል ካልተገኘበት በቀር ከዚያ በታች አይወርድም። ስለዚህ ይግባኝ ከመጻፉ በፊት ያለውን መቶኛና ዕድሜውን ከወኪሉ ጋር መመልከት ይበጀዋል።

በመጨረሻም፥ መልካም ይግባኝ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። በዚህ ቀን በተጻፈው ደብዳቤ 20 በመቶ ተሰጥቶኛል፤ መርማሪው ሕመሙ ሲቀሰቀስ ወገቤ በስንት ዲግሪ እንደሚወሰን አልገመተም፤ የሁለቱ እግሮቼ ነርቭም አልተመዘነም፤ ማስረጃው በዚህ ገጽ ላይ ይገኛል፤ ብሎ መጻፍ ይበቃል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የሚያነብ ባለ ሥልጣን የሚፈርደው በልቅሶ ላይ ሳይሆን በተቈጠረ ጉድለት ላይ ነው። ለአገልግሎት ወገቡን የሰጠ ሰው የሚጠይቀው ምጽዋት አይደለም፤ ሚዛኑ በትክክል እንዲያዝለት ነው፤ ይህንም የሚያገኘው ደብዳቤውን በጥንቃቄ አንብቦ፥ ቀኑን ቈጥሮ፥ ወረቀቱን አሟልቶ ሲቀርብ ነው።